ለትልቁ አንጀት ካንሰር የሮቦት ቀዶ ሕክምና ከላፓሮስኮፒ ይሻላል?

የአባቷ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ 66 ዓመታቸው ነው። ኮሎኖስኮፒ (አንጀትን በካሜራ የሚያየው ምርመራ) ሲደረግላቸው በትልቁ አንጀት በቀኝ በኩል ዕጢ ተገኘ። ናሙናው ካንሰር መሆኑን አሳየ። ሲቲ ስካኑ ወደ ጉበትም ወደ ሳንባም አልተሰራጨም ይላል፣ ተመስገን።

ሐኪማቸው በላፓሮስኮፒ፣ ማለትም ሆድን በሰፊው ሳይከፍቱ በትናንሽ ቀዳዳዎች ካሜራና መሥሪያ አስገብተው፣ እንደሚያወጡት ነግረውናል። ወንድሜ ግን ሌላ ሆስፒታል በሮቦት እንደሚሠራ ሰማ። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ሰላም የለም። «የተሻለው እያለ ለምን ያነሰው ለአባታችን?» ይላል። እኔ ደግሞ የተሻለ መሆኑን ማን አረጋገጠ እላለሁ። እሳቸው ዝም ብለው ያዳምጡናል።

ሮቦቱ ለትልቁ አንጀት በእርግጥ ይሻላል? ሐኪም የሆናችሁ፣ ወይም ተሠርቶላችሁ የምታውቁት፣ እባካችሁ ንገሩኝ።

ከቀዶ ወዲያ

አባትሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ። እኔ የተሠራሁት በግራ በኩል ነው፣ ሲግሞይድ በሚባለው ክፍል፣ በላፓሮስኮፒ። ዛሬ ደህና ነኝ። ጠባሳዎቹ ትናንሽ ናቸው፣ አንዱ ብቻ አንጀቱ የወጣበት ስለሆነ ትንሽ ይረዝማል።

አንድ ነገር አስቀድመሽ ለአባትሽ ንገሪያቸው። ስነቃ ከሆዴ ይልቅ ትከሻዬን ነበር የሚያመኝ። ደነገጥኩ። ነርሷ ሆዴ የተነፋበት ጋዝ ነው፣ በራሱ ይጠፋል አለችኝ። እንዳለችውም ጠፋ። ይህን የሚነግረኝ ሰው ቀድሞ ቢኖር ኖሮ ያን ያህል አልፈራም ነበር።

ጥያቄ አብዢ

ይቅርታ፣ መሠረታዊ ጥያቄ ነው። ሮቦቱ በራሱ ነው የሚቆርጠው? ሐኪሙስ የት ነው ያለው? እናቴ ይህን ሰምታ «በማሽን እጅ አልገባም» ብላለች፣ ምን እንደምላት አላወቅሁም።

ሰርጅኑ

እናትህን አረጋጋልኝ። ማሽኑ በራሱ ምንም አይቆርጥም። ከታካሚው አጠገብ ክንዶች ያሉት መሣሪያ ይቆማል። በብዛት የሚታወቀው ዳ ቪንቺ አራት ክንድ አለው፤ አንዱ ካሜራ ይይዛል፣ በሦስቱ መሥሪያዎቹ ይገባሉ። ሰርጅኑ እዚያው ክፍል ኮንሶል በሚባለው መቆጣጠሪያ ላይ ተቀምጦ እጁንና እግሩን ያንቀሳቅሳል። ክንዶቹ ያንኑ ይደግማሉ። እጁ ሲቆም እነሱም ይቆማሉ። በፈረንጆቹ 2001 ኒው ዮርክ የተቀመጡ ሐኪሞች ስትራስቡርግ ለተኛች ታካሚ የሐሞት ከረጢቷን በሮቦት አውጥተዋል። ውቅያኖስ በመሐል ቢኖርም እያንዳንዷን እንቅስቃሴ ያዘዘው ሰው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ። ሁለቱም የሚጀምሩት አንድ ዓይነት ነው። ሆድ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ይነፋል፣ በትናንሽ ቀዳዳዎች ካሜራና መሥሪያ ይገባል። የሚወጣውም አንድ ነው። ዕጢው ያለበት የአንጀት ክፍል ይቆረጣል፣ ደም የሚያመጣለት ሥር ከመነሻው ተቋጥሮ ይዘጋል፣ በዙሪያው ያሉት ንፍፊቶች አብረው ይወጣሉ። ከዚያ የቀሩት ሁለት ጫፎች ይገጠማሉ። የወጣው ክፍል ላቦራቶሪ ሲታይ (ፓቶሎጂ የሚባለው) ቢያንስ 12 ንፍፊት እንዲመረመር እንፈልጋለን። ይህ መለኪያ ለሮቦትም ለላፓሮስኮፒም ያው ነው።

ልዩነቱ ያለው በእጅ ሥራው ላይ ነው። የላፓሮስኮፒ መሥሪያ ቀጥ ያለ ረጅም ዘንግ ነው። ጫፉ ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ ይዞራል፤ እንደ ልብ ግን አይተጣጠፍም። ቀዳዳው ላይ ስለሚደገፍ እጄን ወደ ቀኝ ስወስድ ጫፉ ወደ ግራ ይሄዳል። ካሜራውን የሚይዝልኝ ሌላ ሰው ነው፣ ሲደክመው ምስሉ ይነቃነቃል። የሮቦቱ መሥሪያ ግን ጫፉ ላይ እንደ እጅ አንጓ ይታጠፋል። ምስሉ ጥልቀት ያሳያል። የእጅ መንቀጥቀጥ ይጣራል። ካሜራውንም ራሴው አንቀሳቅሳለሁ። ቁጭ ብዬ ስለምሠራ ወገቤ አይጎዳም። ይህ ለታካሚው ምን ይፈይዳል የሚል ሊኖር ይችላል። አራተኛው ሰዓት ላይ ያልዛለ ሐኪም ለታካሚው ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

የሚያሳጣን ነገርም አለ። በላፓሮስኮፒ አንጀቱን ስይዝ ምን ያህል እንደሳብኩት በመጠኑ እጄ ላይ ይሰማኛል። በአብዛኞቹ ሮቦቶች አይሰማም። ዓይን አይቶ ነው የሚገምተው። በ2024 የመጣው ዳ ቪንቺ 5 ይህን ስሜት በከፊል የሚመልሱ መሥሪያዎች አሉት፣ የቀደሙት ግን የላቸውም።

ማርታ ነኝ

ዶክተር፣ ይህን ሁሉ ብልጫ ከዘረዘሩልን በኋላ መልሱ ግልጽ አይደለም እንዴ? መሥሪያው የሚተጣጠፍ፣ ምስሉ የጠራ፣ እጁ የማይንቀጠቀጥ። ይህ ሁሉ ተሰብስቦ እንዴት ለታካሚው አይሻልም?

ቁጥር ወዳጅ

ማርታ፣ መሥሪያው ለሐኪሙ መመቸቱ አንድ ነገር ነው። ታካሚው የተሻለ መሆኑ ደግሞ በጥናት የሚረጋገጥ ሌላ ነገር ነው። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ልጻፍ።

ላፓሮስኮፒ ራሱ ሲጀመር አልታመነም ነበር። ለትልቁ አንጀት የዋለው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው። ካንሰሩ በቀዳዳዎቹ በኩል ይዘራል የሚል ትልቅ ፍርሃት ነበር። ስለዚህ ሰሜን አሜሪካ ውስጥ 872 ሕመምተኞች በዕጣ ተከፈሉ፤ ለግማሾቹ ሆድ ተከፍቶ፣ ለግማሾቹ በላፓሮስኮፒ ተሠራ። ውጤቱ በ2004 ወጣ። በሦስት ዓመት ውስጥ ካንሰሩ የተመለሰባቸው በሁለቱም ወገን ተቀራራቢ ሆኑ። በላፓሮስኮፒ የተሠሩት ግን ቶሎ ወደ ቤታቸው ገቡ፣ የሕመም ማስታገሻም የወሰዱት ያነሰ ነበር። ትልቁ እርምጃ ይህ ነው፤ ሆድን በሰፊው ከመክፈት ወደ ትናንሽ ቀዳዳዎች መሻገር። ከላፓሮስኮፒ ወደ ሮቦት ያለው እርምጃ ከዚህ በጣም ያጠረ ነው። ሁለቱም በትናንሽ ቀዳዳ ስለሚሠሩ ሕመሙም ጠባሳውም ይመሳሰላል።

አሁን በቀጥታ ስለ ቀኝ በኩል። ደቡብ ኮሪያ ውስጥ 70 ሰዎች በዕጣ ተከፍለው በሮቦትና በላፓሮስኮፒ ተሠርተው ነበር። በ2012 ታተመ። ሮቦቱ ረዘም ያለ ሰዓት ወሰደ፣ ወጪውም ከፍ ያለ ነበር። በሆስፒታል ቆይታ፣ በሕመምና ከቀዶው በኋላ በሚመጡ ችግሮች ግን የረባ ልዩነት አልታየም። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ ያ መታወቅ አለበት።

ትልልቆቹ ጥናቶች የተሠሩት በሬክተም ላይ ነው። ሬክተም ዳሌ ውስጥ ያለው የመጨረሻው ክፍል ነው። ሮላር የተባለው ጥናት በ10 አገሮች 471 ሰዎችን አሳትፎ በ2017 ወጣ። በመሐል ሆድ ወደ መክፈት የተዞረው በሮቦት 8.1 በመቶ፣ በላፓሮስኮፒ 12.2 በመቶ ነበር። ልዩነት ይመስላል፤ በስሌቱ ግን በአጋጣሚም ሊመጣ የሚችል ሆኖ ተገኘ። በኋላ ቻይና ውስጥ ከ1,100 በላይ ሰዎች ላይ የተደረገው ጥናት ለሮቦት አደላ። የሬክተማቸው መካከለኛና ታችኛ ክፍል ላይ ካንሰር የነበረባቸው ሰዎች ናቸው። በሦስት ዓመት ውስጥ በሽታው እዚያው አካባቢ የተመለሰባቸው በሮቦት 1.6 በመቶ፣ በላፓሮስኮፒ 4.0 በመቶ ሆኑ። ይህ ችላ የሚባል ቁጥር አይደለም። ግን የሬክተም ውጤት ነው። የቀኝ በኩሉን አንጀት በዚህ መለካት አይቻልም።

የአባቷ ልጅ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሬክተምና ትልቁ አንጀት እንዲህ እንደሚለያዩ አላውቅም ነበር። ለምንድነው ግን ሮቦቱ እዚያ የሚጠቅመው፣ እዚህ የማይጠቅመው?

ሰርጅኑ

በቦታው ምክንያት። በቀኝ በኩል ሆዱ ሰፊ ነው። ቀጥ ያለው ዘንግ የሚዘዋወርበት ቦታ አለ። ዳሌ ውስጥ ግን በአጥንት የተከበበ ጠባብ ስፍራ ነው። በተለይ የወንድ ዳሌ ይጠብባል። ሰውየው ወፍራም ከሆነና ዕጢው ወደታች ከወረደ ደግሞ ይብሳል። ሽንትንና ወሲብን የሚያዝዙት ነርቮችም እዚያው ግድግዳው ላይ ተለጥፈው ያልፋሉ። የሚታጠፍ ጫፍ ዋጋ የሚያወጣው እዚህ ጋ ነው።

ይህ ማለት ግን በቀኝ በኩል ሮቦት ምንም አይፈይድም ማለት አይደለም። ቁጥር ወዳጅ ያላነሳው አንድ ነገር አለ፣ እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝም እሱ ነው። የቀኙ አንጀት ከተቆረጠ በኋላ ጫፎቹን መግጠሚያው መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው፣ እምብርት አካባቢ ትንሽ ቀዶ አንጀቱን ወደ ውጭ ስቦ እዚያ መግጠም ነው። ሁለተኛው እዚያው ሆድ ውስጥ ገጥሞ፣ የተቆረጠውን ከብልት በላይ ዝቅ ብሎ በሚሠራ አግድም ቀዳዳ ማውጣት ነው። ሁለተኛው አንጀቱን ብዙ አያስጎትትም። አንጀቱም በአብዛኛው ቶሎ ሥራ ይጀምራል። በዚያ በታችኛው ቀዳዳ ሄርኒያ (አንጀት በተቀደደው ቦታ ገፍቶ ማበጥ) የሚወጣበት ዕድልም ከእምብርት አካባቢው በጣም ያነሰ ነው።

ችግሩ ሆድ ውስጥ መስፋት ነው። ቀጥ ባለው ዘንግ ይቻላል፣ ግን ብዙ ልምምድ ይፈልጋል። በሮቦት ይቀላል። በዚህ የተነሳ ሮቦት ላይ የተቀመጡ ብዙ ሐኪሞች ወደ ሁለተኛው መንገድ ተሻገሩ። ስለዚህ «በሮቦት የተሠሩት ቶሎ አገገሙ» የሚል ስታነቡ ጠይቁ፤ ጥቅሙ የመጣው ከማሽኑ ነው ወይስ ከመግጠሚያው መንገድ? በላፓሮስኮፒ ሆድ ውስጥ የሚገጥም ጎበዝ ሰርጅን ካለ ታካሚው ያንኑ ጥቅም ያገኛል። እንዲህ ያሉ ሐኪሞች አሉ። የአባትሽ ሐኪም ከእነሱ አንዱ ይሁኑ አይሁኑ ጠይቂያቸው።

የኦፕሬሽን ክፍል ነርስ

እኔ ሁለቱንም አይነት ቆሜ አይቻለሁ። ከውጭ ስለማይታየው ልጻፍ።

ሮቦት ለመሥራት ክንዶቹን ከታካሚው ጋር ማያያዝ አለብን። ለምዶ የሚሠራ ቡድን ቶሎ ይጨርሳል። ያልለመደ ቡድን ጊዜ ይፈጅበታል፣ ታካሚው ግን ያን ሁሉ ሰዓት ማደንዘዣ ውስጥ ነው። ክንዶቹ ከተያያዙ በኋላ አልጋውን እንደፈለጉ ማዘንበል አይቻልም፤ ከሮቦቱ ጋር አብሮ የሚንቀሳቀስ ልዩ አልጋ ካልኖረ በቀር።

ደግሞ ሰርጅኑ ኮንሶል ላይ ሲቀመጥ ጓንትና ጋውን አላደረገም። በድንገት ደም ቢፈስና ሆድ መክፈት ቢያስፈልግ ክንዶቹ መላቀቅ፣ እሱም ታጥቦ መልበስ አለበት። ታካሚው አጠገብ የቆመው ረዳት ሐኪም እስኪደርስለት ድረስ መያዝ የሚችል ሰው መሆን አለበት። ጥሩ ቡድን ይህን ከታካሚ በፊት ይለማመደዋል። እኔ የምሠራበት ክፍል ማን ምን እንደሚያላቅቅ፣ በየትኛው ቅደም ተከተል፣ ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ ስለ ሰርጅኑ ብቻ አትጠይቁ። አብረውት የሚቆሙት ሰዎች ይህን ሥራ አዘውትረው ይሠሩታል ወይ ብላችሁም ጠይቁ።

ሰናይት

ሁላችሁም ሮቦቱን ዝቅ ያደረጋችሁት መሰለኝ፣ ስለዚህ የእኛን ልናገር። ባለቤቴ ሬክተሙ ላይ ነበር ካንሰሩ፣ ዝቅ ብሎ። መጀመሪያ ያየነው ሐኪም ሰገራ መቀበያ ከረጢት ለዕድሜ ልክ ይሆናል አለን። ሁለተኛ ሐኪም ጋ ሄድን። በሮቦት ሠርተው ገጠሙለት። ከረጢቱ ለጥቂት ወራት ብቻ ሆነ፣ ከዚያ አንጀቱ ወደ ቦታው ተመለሰለት። ሽንቱንም በደንብ ይሸናል። እኔ ለዚያ ማሽን ያለኝን ምስጋና ማንም አይቀንስብኝም።

ሰርጅኑ

ሰናይት፣ እንኳን ደስ አላችሁ። አንቺ ያልሽው ከእኔ ጋር አይጋጭም። የባለቤትሽ ቦታ ሮቦቱ በትክክል የሚፈለግበት ቦታ ነው። አንድ ብቻ ልጨምር። ከረጢት ይቅር ወይስ ይሁን የሚወስነው በዋናነት ዕጢው ከፊንጢጣው ጡንቻ ምን ያህል ይርቃል የሚለው ነው፣ ሐኪሙም እዚያ ዝቅ ብሎ የመግጠም ልምዱ። ሁለተኛ አስተያየት መጠየቃችሁ ግን ትልቅ ነገር ነው። ዕድሜ ልክ ከረጢት የተባለ ሰው ሁሉ ይህን ቢያደርግ ደስ ይለኛል።

ወንድሟ

እኔ ነኝ በዚህ ቤት ጭቅጭቁን ያነሳሁት። ከላይ ጀምሬ አነበብኩት። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ሮቦቱ ያለበት ሆስፒታል ወረፋው ረጅም ነው፣ ሳምንታት ይፈጃል ብለውናል። የአሁኑ ሐኪማችን ግን በቅርብ ቀን ይዘውልናል። እውነቱን ንገሩኝ ዶክተር፣ የእርስዎ አባት ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር?

ሰርጅኑ

ወንድሜ፣ የተጨነቅከው ለአባትህ ነው፣ ማንም አይወቅስህም።

አባቴ ቢሆኑ በቀኝ በኩል ላለ ዕጢ ማሽን ፍለጋ ቀን አልገፋም ነበር። የአሁኑ ሐኪም ይህን ቀዶ አዘውትረው የሚሠሩ ከሆነ እዚያው እቆያለሁ። ሐኪሙ እጃቸው ከላፓሮስኮፒ ጋር የተዋወቀ ሆኖ ሳለ ቤተሰብ ስለጠየቀ ብቻ ሮቦት ላይ ቢቀመጡ ደግሞ እፈራለሁ። ማንኛውም ሰርጅን የሚችለውን አሠራር ቢሠራ ይሻላል። በተቃራኒው ሐኪማችሁ የሮቦት ሰው ቢሆኑ ኖሮ «ላፓሮስኮፒ አድርጉልን» አትበሉ እላችሁ ነበር።

ሄዳችሁ ይህን ጠይቁ። በዓመት ስንት የትልቁ አንጀት ቀዶ ይሠራሉ? በመሐል ሆድ ወደ መክፈት የሚዞሩት ምን ያህል ጊዜ ነው? የተገጠመው ቦታ ያፈሰሰባቸው ስንት ናቸው? ቁጥሩን የሚያውቅና ሳይቆጣ የሚነግራችሁ ሐኪም ጥሩ ምልክት ነው። ሆድ መክፈት ግድ ቢሆን ደግሞ እንደ ሽንፈት አትዩት። ደም ሲፈስ ወይም ዕጢው ሌላ አካል ላይ ሲጣበቅ መክፈት ትክክለኛው ውሳኔ ነው።

እስከዚያው ግን የአባታችሁን ደም አስመርምሩ። በቀኝ በኩል ያለ ዕጢ ቀስ እያለ፣ ሳይታይ ይደማል። ብዙዎቹ ደም አንሷቸው ነው የሚመጡት። አይረን ከተሰጣቸው ቀዶውን በተሻለ አቅም ይገቡበታል። የሚያጨሱ ከሆነ ዛሬውኑ ያቁሙ። ሆዳቸው ከተነፋ፣ ካስመለሳቸውና ጋዝ አልወጣ ካላቸው ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፤ አንጀቱ ተዘግቶ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ውሰዷቸው።

የኦፕሬሽን ክፍል ነርስ

ከቀዶው በኋላ ያለውም እንዳይረሳ። ዱሮ ጋዝ እስኪወጣ ድረስ ምግብ ይከለከል ነበር። አሁን ከተፈቀደላቸው በዚያው ቀን ይጠጣሉ፣ ቀስ ብለው ይበላሉ፣ ከአልጋ ይነሳሉ። ከሞርፊን ዓይነት መድኃኒት ይልቅ አንጀት የማያስተኛ ማስታገሻ ይመረጣል። ሆላንድ ውስጥ 400 ሰዎች ላይ የተደረገና በ2011 የወጣ ጥናት ነበር። ቶሎ ያገገሙት ላፓሮስኮፒና ይህ አያያዝ አንድ ላይ የተደረገላቸው ናቸው። ሮቦት ያለው ግን ታካሚውን አልጋ ላይ አጋድሞ የሚያቆይ ቦታ ይህን አያገኝም። አባታችሁን ይዛችሁ በኮሪደሩ አራምዷቸው። ማስቲካ ማኘክም አንጀትን ለማንቃት ይረዳል፣ አይናቅ።

ከቀዶ ወዲያ

መራመዱ እውነት ነው። እኔ መነሳት አልፈልግም ነበር፣ እህቴ ናት እየደገፈች ያስነሳችኝ። ከተራመድኩ በኋላ ነው ሆዴ የቀለለኝ።

የአባቷ ልጅ

ዛሬ ሁለታችንም ሄደን ሐኪሙን አናገርናቸው። ጥያቄዎቹን ወረቀት ላይ ጽፈን ነበር የያዝነው። አልተቆጡም፣ አንድ በአንድ መለሱ። ሆድ ውስጥ ነው የምገጥመው አሉ፣ በላፓሮስኮፒ። ይህን ሥራ ለዓመታት እንደሠሩት ነገሩን። አባቴም ለመጀመሪያ ጊዜ አፍ አውጥተው «እሳቸው ይሥሩኝ» አሉ። ወንድሜም ተስማማ። ደማቸው ግን እውነትም አንሷል፣ አይረን ተጀመረላቸው።

የመጨረሻ ጥያቄ። ቤት ከገቡ በኋላ ምን ስናይ ነው መደንገጥ ያለብን? ከሆስፒታል ራቅ ብለን ስለምንኖር ይህ ያስጨንቀኛል።

ሰርጅኑ

ደስ ብሎኛል። ዋናው የምንፈራው የተገጠመው ቦታ ማፍሰስ ነው። በቀኝ በኩል ከሬክተም ያነሰ ነው፣ ግን በየትኛውም መሣሪያ ይከሰታል። አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያው ሳምንት ይታያል፣ አንዳንዴ ዘግይቶም ሰው ቤቱ ከገባ በኋላ። እየተሻለው የነበረ ሰው በድንገት ወደኋላ ከተመለሰ ጠርጥሩ። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የሆድ ሕመም መባባስ፣ ሆድ መጠንከር፣ የልብ ምት መፍጠን። አንዳንድ ሽማግሌ ምንም አያማቸውም፣ ዝም ብለው ይደክማሉ ወይም ይቃዣሉ። ያም ምልክት ነው። ማስመለስ ካልቆመ፣ ወይም ከታች ብዙ ደም ከወጣ እንዲሁ።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሰገራቸው ቢላላ አትደንግጡ፤ የቀኙ አንጀት ሲወጣ የተለመደ ነው፣ ከጊዜ ጋር ይስተካከላል። አንድ እግራቸው ብቻ ካበጠና ካመማቸው፣ ወይም ትንፋሽ ካጠራቸው ግን የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል ወዲያው ሂዱ። ደም ማቅጠኛ መርፌ ለቤት ከታዘዘላቸው ደህና ነኝ ብለው እንዳያቋርጡት።

የኦፕሬሽን ክፍል ነርስ

ከመውጣታችሁ በፊት በሌሊት የሚነሳ የስልክ ቁጥር ጠይቁ፣ ማን እንደሚያነሳውም እወቁ። ርቃችሁ የምትኖሩ ከሆነ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ሆስፒታሉ አጠገብ ካለ ዘመድ ቤት ቢያርፉ ይመረጣል። የመውጫ ወረቀታቸው ላይ ምን እንደተቆረጠና እንዴት እንደተገጠመ መጻፉን እዩ። ሌላ ሆስፒታል በድንገት ቢገቡ የሚቀበላቸው ሐኪም መጀመሪያ የሚፈልገው እሱን ነው።